ዮኮሃማ፦ የቢራ ጠማቂ ምግብ ቤት ቅጽ አላሳልፍ አለን

ሰላም ለሁላችሁ። ባሻሚቺ አካባቢ ቢራውን እዚያው የሚጠምቅ ምግብ ቤት ለዓርብ ማታ የአራት ሰው ቦታ መያዝ ፈልገን ቅጹ ላይ ቆመናል። ስም በካታካና (ከጃፓን ፊደላት አንዱ) ብቻ ይቀበላል፤ እሱ በትርጉም መተግበሪያ ተፈታ። ስልኩ ግን የጃፓን ካልሆነ አያልፍም፤ ማረጋገጫውም በአጭር መልእክት ነው የሚላከው። የያዝነው ኢሲም (ያለ ካርድ ስልክ ላይ የሚጫን ሲም) ዳታ ብቻ ስለሆነ ቁጥር የለውም። የሆቴሉ መደበኛ ስልክም መልእክት አይቀበልም።

የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ቢደውልልን ይሻላል ወይስ ሲከፈት፣ በ17፡00፣ ሄደን ባንኮኒው ጋ መቀመጥ? ዓርብ ማታ አራት ወንበር ጎን ለጎን መገኘቱ ያጠራጥራል።

ደግሞ አንዳችን 19 ዓመቱ ነው። የመጠጥ ዕድሜው 20 መሆኑን እናውቃለን፤ ለስላሳ ብቻ ካዘዘ ያስገቡታል? ኦቶሺ የምትባለዋ ሳይታዘዝ የምትመጣ ሳህንስ ለእሱም ትታሰባለች?