አባቴ የመጨረሻዋን የገብስ ማሳ ዲከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ ሊተክልባት ነው፤ ኖራ ልግዛለት?

የፋግታዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ ጀበና ቡና አፈላለሁ። ከሰሌ የሚመጣው ከአገሬ ከአዊ፣ ከፋግታ ለኮማ ነው። የሚታሰርበት ጆንያም የማዳበሪያ ጆንያ ነው፤ ስፈታው አባዬ ትዝ ይለኛል።

አራት ጥማድ መሬት አለው። ሦስቱን ዲከረንስ ተክሎበታል። በመጀመሪያው ዓመት ጤፍ ከችግኙ ጋር ይዘራል፣ ቀጥሎ ሣሩ ይታጨዳል፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ተቆርጦ ይከሰላል። እኔን ያስተማረኝ ይሄ ዛፍ ነው፤ አልወቅሰውም። አሁን ግን የቀረችውን አንድ ጥማድም ሊተክልባት ነው። «ማዳበሪያ ብጨምርም መሬቱ እምቢ አለ» ይላል። ክረምት ላይ ሄጄ ገብሱን ነቅዬ አየሁት። ሥሩ አጭርና ወፍራም ነው፣ ወደ ታች አልወረደም።

የልማት ሠራተኛው አፈሩ አሲዳማ ነው፣ አሲዱን የሚቀንስ ኖራ ይፈልጋል ብሎታል። ተመዝግቦ ሁለት ዓመት ጠበቀ፤ አልደረሰውም። ከዚህ ገዝቼ ልላክለት ወይስ ከመንግሥት ልጠብቅ?

አፈር ወዳድ፦
እህቴ፣ ሥሩን ነቅለሽ ማየትሽ ጥሩ አድርገሻል። እንደናንተ ዝናብ በሚበዛበት አገር ካልሲየሙ ታጥቦ ይሄዳል፣ አሉሚኒየሙ ሥሩን ይጎዳዋል። ፎስፈረሱን ደግሞ አፈሩ ይዞ አይለቅም። አባትሽ በብድር የገዛው ማዳበሪያ እዚያው ታስሮ ቀርቷል ማለት ነው። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ገደማው አሲዳማ ነው ይባላል።

ኖራ የሚፈጨው ለእናንተ ቅርብ ደጀን ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ አትላኪ። ለሄክታር ከ20 ኩንታል በላይ ሊፈልግ ይችላል፤ ከዋጋው ማጓጓዣው ይከብዳል። ለዚህ ነው የመንግሥት ሥራ ነው የምለው። መንግሥት ማዳበሪያን ከባሕር ማዶ አስመጥቶ ገበሬ ማኅበር ድረስ ያደርሳል። ድንጋዩ እዚሁ እያለ ኖራው የማይደርስበት ምክንያት አይገባኝም!

የዳንግላው፦
እውነት ነው፣ ግን ዝም ብለሽ አትጠብቂ። አባትሽ ከአዋሳኞቹ ጋር ሆኖ በኩታ ገጠም ይጠይቅ። ለአንድ ጥማድ መኪና የሚልክ የለም፤ ለሃያ ገበሬ ግን አይሱዙ ይመጣል። ኖራው ከዘር ቢያንስ ወር ቀድሞ ከአፈሩ ጋር መታረስ አለበት፣ ስለዚህ ከመጋቢት አይለፍ። አንዴ ከገባ አራት አምስት ዓመት ይቆያል።

መሬቱን ሁሉ ዛፍ ማድረጉን ግን አልደግፍም። ዲከረንሱን ዋግ መሰል በሽታ ሲያደርቀው በዓይኔ አይቻለሁ። ያኔ ገብስም ከሰልም የለም።

የፋግታዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ማታ ደወልኩለት፤ ጎረቤቶቹን አነጋግራለሁ አለኝ። ለጥምቀት ስሄድ አፈሩን ይዤ ላስመርምር?

አፈር ወዳድ፦
አስመርምሪ፤ ባሕር ዳር ላብራቶሪ አለ። ከማሳው ስድስት ሰባት ቦታ ስንዝር ያህል ቆፍረሽ፣ ቀላቅለሽ አንድ ኪሎ ያዢ። ከአጥሩ ሥርና አመድ ከሚደፋበት ቦታ ግን እንዳትወስጂ።