የልጅ ክፍል ራሳችሁ አስውቡ ተባልን! ክፍሉ የታለ?

የሁለት ልጆች እናት፦ ዛሬ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ አንዲት የቤት ውበት ባለሙያ «የልጃችሁን ክፍል ራሳችሁ አስውቡ፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ፍላጎት ብቻ ነው» ስትል ሰማሁ። ግድግዳውን ሁለት ዓይነት ቀለም ቀቡት፣ ከካርቶን ዛፍ ቆርጣችሁ ለጥፉ፣ በሞራሌ የመጽሐፍ መደርደሪያ ሥሩ፣ ጣሪያው ላይ ኮከብ አንጠልጥሉ። ጎሽ! እኔ ጀሞ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ነው የምኖረው። ልጆቼ የሚተኙት ሳሎን ውስጥ ተደራራቢ አልጋ ላይ ነው። የቱን ክፍል ላስውብ? ባለቤቱ ደግሞ ቁልፍ ሲያስረክበን የመጨረሻ ቃሉ «ሚስማር እንዳትመቱ» ነበር። ፍላጎት አላነሰኝም እኮ።

እጀ ወርቅ፦ እህቴ፣ ሴትዮዋ ምን አጠፋች? ግዙ ግዙ ከሚሉን መሀል አንዷ ሥሩ ብትል ተቆጣን። እኔም ሰሚት ተከራይ ነኝ። ለልጄ የአልጋዋን ጥግ ሠራሁላት። ከሽሮ ሜዳ ልብስ ሰፊ ዘንድ የጥለት ቁርጥራጭ ለምኜ በገመድ ላይ ሰፋሁት። ሦስት ትንንሽ ሰፌድ ሰቀልኩ። የጫማ ካርቶን በኮላ አያይዤ የመጫወቻ ማስቀመጫ አደረግኩ። ልጅ ካሬ ሜትር አይቆጥርም። ፍላጎት ካለ ጥግም ክፍል ነው።

ባለ ስቱዲዮ፦ «ጥግም ክፍል ነው»! ይሄን ሳላውቅ ነው እስከ ዛሬ ስቱዲዮ ተከራየሁ ስል የኖርኩት። ለካ ባለ አራት መኝታ ነው። የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢዎች ሆይ፣ ዕጣ መጠበቁን ተዉትና ያላችሁበትን ጥግ ቁጠሩ።

እጀ ወርቅ፦ ቀልድ አድርገኸው አረፍከው። ምሳሌ እኮ ነው የሰጠሁት።

ባለ ስቱዲዮ፦ ጥግሽ ስንት ካሬ ነው?

አከራይ ነኝ፦ እኔን ደግሞ ልትሰድቡኝ ነው፤ ስደቡኝ። ባለፈው የወጣው ተከራዬ የልጁን መኝታ ቤት ሐምራዊ ቀብቶት ነው የሄደው። ሐምራዊ! 14 ቀዳዳ ቆጠርኩ። ስቱኮ፣ ሁለት እጅ ቀለም፣ የቀቢ ዋጋ፣ ሁሉም ከኪሴ ወጣ። ለሁለት ሰቀላ ብሎ 14 ጊዜ የሚበሳ ሰው ድሪል ባይነካ ምን አለበት? «ራሳችሁ ሥሩ» ያለችው ሴትዮ መጥታ ትድፈነው።

የሁለት ልጆች እናት፦ አየሽ እጀ ወርቅ? ሰፌዱን የሰቀልሽው በምንድን ነው? በጸሎት?

እጀ ወርቅ፦ በሚላጥ ማጣበቂያ።

ባለ ስቱዲዮ፦ ሲላጥ ቀለሙን ይዞ የሚላጠው?

እጀ ወርቅ፦ ትንሽ ይዟል።

አከራይ ነኝ፦ ትንሽ!

አናጺው፦ አንድ ነገር ልበል፣ ከዚያ ተጨቃጨቁ። ብዙው የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብሎኬት ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው። ሚስማር ብትመቱበት ይፈረፈራል እንጂ አይዝም። በድሪል ተበስቶ፣ ፊሸር የምንለው የፕላስቲክ መሰኪያ ገብቶ፣ በብሎን ነው የሚታሰረው። መሀል ግድግዳው አግሮስቶን የሚባለው ስስ ፓነል ከሆነማ መደርደሪያ ባትሰቅሉበት ይሻላል። የ14ቱ ቀዳዳ ምስጢርም ይኼ ነው፤ ሰውዬው ጠንካራ ቦታ እየፈለገ ነበር። ረጅም ቁምሳጥንና መደርደሪያ ግን የግድ ከግድግዳ ጋር መታሰር አለበት። ልጅ መሳቢያውን እንደ ደረጃ ይወጣዋል፤ ከዚያ ላዩ ላይ ይወድቅበታል። የሬዲዮዋ ሴትዮ ይሄን ብላለች?

የሁለት ልጆች እናት፦ አላለችም። ስለ ኮከብ ነው ያወራችው።

እጀ ወርቅ፦ አናጺው፣ ለአንተ ሥራ ስለማይተርፍህ ይሆናል የከፋህ?

አናጺው፦ እኔ በነጻ ነው የመከርኩሽ። ሂሳብ ልላክልሽ?

የውል ሰው፦ አከራይ፣ አንድ ልጠይቅህ። የቤት ኪራይ አዋጁ፣ 1320/2016፣ ውል ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል አይደል? ሁለት ዓመት ለአራት ዓመት ልጅ የዕድሜው ግማሽ ነው። የዕድሜውን ግማሽ ነጭ ግድግዳ እያየ ይደግ? ቀለሙን፣ ቀዳዳውን፣ ሲወጡ ማን እንደሚቀባ ውሉ ላይ ጻፉትና ተገላገሉ። «ሚስማር እንዳትመቱ» ደረጃ ላይ ቆሞ የሚነገር ነገር አይደለም።

አከራይ ነኝ፦ የሁለት ወር ቅድሚያ ብቻ እንድንቀበል ተደርገን፣ ቀለም ደግሞ ውል ላይ እንጻፍ? በሁለት ወር ኪራይ ቤቴን የሥዕል ትምህርት ቤት ላድርገው?

ባለ ስቱዲዮ፦ ቤቱን ሁሉ ማን አለህ? ጥጉን ብቻ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እዚህ አሜሪካም ያው ነው፣ አትቅኑብን። አፓርታማ ስንለቅ ግድግዳውን አይተው ከማስያዣው ይቆርጣሉ። እኔ የልጄን ግድግዳ አልነካሁትም፤ በትልቅ ጨርቅ ሸፈንኩትና ሥዕሉን ጨርቁ ላይ ሰፋሁት። ስንወጣ ጠቅልለን ሄድን። አንድ ነገር ግን ላክል። እዚህ በፈረንጅ ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ሲያከራዩ፣ እርሳስ (መጻፊያው ሳይሆን መርዛማው ብረት፣ ሊድ) ስላለበት ቀለም የማስጠንቀቂያ ወረቀት ያስፈርማሉ። እዚያ ቀለሙን ማን ያየዋል?

ባለ ስቱዲዮ፦ መጣች ዲያስፖራ ከነወረቀቷ።

ቀለም ቤት የሠራ፦ አትሳቅ፣ ልክ ናት። ስለ ጥግ ስትጨቃጨቁ ዋናውን ዘለላችሁት። እርሳስ የልጅ አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የሌለው መጠን የለውም ነው የሚለው። እኛም አገር ደንብ ወጥቷል፤ በቀለም ውስጥ እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ አይለፍ ተብሏል። ችግሩ በብዛት ያለው ዘይት ቀለም ላይ ነው፤ በተለይ ደማቅ ቢጫና ደማቅ ቀይ። ለልጅ ክፍል ደግሞ ሰው የሚመርጠው ምንድን ነው? ደማቅ ቢጫ! ፕላስቲክ ቀለም ግዙ፤ ቆርቆሮው ላይ «እርሳስ የለውም» መባሉን አንብቡ። ከሁሉ የሚብሰው «ራሴ እሠራለሁ» ብሎ አሮጌ ዘይት ቀለም በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ነው። አቧራው ወለል ላይ ያርፋል፣ ልጁ ይድህበታል፣ እጁን ይልሳል። አሮጌ የብረት አልጋ ፍቃችሁ የምትቀቡ፣ እናንተንም ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦ «ገንዘብ አይጠይቅም» ያለችው እንግዲህ ይሄን ሁሉ ቀንሳ ነው። ፊሸር፣ ድሪል፣ እርሳስ የሌለው ቀለም፣ ማስያዣ።

እጀ ወርቅ፦ እኔ ቀለም አልቀባሁም፣ አልበሳሁም። ካርቶንና ጨርቅ ነው ያልኩት። ለምን የሴትዮዋን ዕዳ ለእኔ ትጭናላችሁ?

ባለ ስቱዲዮ፦ «ጥግም ክፍል ነው» ያልሽው አንቺ ነሻ።

ሀ ሁ ወዳድ፦ ስለ ቀለም ተባለ፣ ስለ ቀዳዳ ተባለ፤ ግድግዳው ላይ ምን እንደሚሰቀል የጠየቀ የለም። የምሄድበት ቤት ሁሉ የፈረንጅ ልዕልትና ኤቢሲዲ ነው። የፊደል ገበታ ስቀሉ፣ ርካሽ ነው። እኛ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ግድግዳ ላይ እያየን ነው ያደግነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ይሄስ እውነት ነው። የኔ ጨርቅ ላይ ያለው ፊደል ነው። ልጄ «ቀ» ቁጥር ትመስለኛለች አለኝ።

ባለ ስቱዲዮ፦ ሀ ሁ ወዳድ፣ ልጆችህ የት ነው የሚማሩት?

ሀ ሁ ወዳድ፦ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ባለ ስቱዲዮ፦ ገባኝ።

አናጺው፦ ተደራራቢ አልጋውን መስኮት ሥር ያደረገ አለ? የላይኛው አልጋ ከመስኮቱ ጫፍ እኩል ነው የሚሆነው። አራተኛ ፎቅ ላይ አይቼ ደንግጫለሁ። ከካርቶን ዛፉ በፊት አልጋውን አዙሩ።

የሁለት ልጆች እናት፦ የኛ መስኮት ሥር ነው። ሌላ ቦታ አይገባም። በአንድ በኩል የማብሰያው በር፣ በሌላ በኩል ሶፋው።

እጀ ወርቅ፦ ሶፋውን መስኮቱ ሥር፣ አልጋውን ሶፋው ቦታ ብታደርጊውስ? ቁመቱን ለኪልኝ። ጥጉን አብረን እናየዋለን፣ ሙች።

ባለ ስቱዲዮ፦ ጥጉን!

የሁለት ልጆች እናት፦ ቆይ፣ ቆይ። እዚህ እየተጨቃጨቅኩ ትንሹ ልጅ በእስክሪብቶ ሶፋው ጀርባ ያለውን ግድግዳ ሞልቶታል። ቤት ነው መሰለኝ የሣለው፤ መስኮቱ ብዙ ነው። ከፕላስቲክ ቀለም ላይ እስክሪብቶ በምን ይለቃል?

ቀለም ቤት የሠራ፦ በቀላሉ አይለቅም። በላዩ ብትቀቢበትም ሰማያዊው ይወጣል። መጀመሪያ ፕራይመር ያስፈልገዋል።

አከራይ ነኝ፦ ጀሞ ነው ያልሽው? ስንተኛ ብሎክ ነው?