ይቺ ከጅቡቲ ባህር ያለች ሎብስተር መሳይ ምን ትባላለች?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም ጓዶች። ወንድሜ ጅቡቲ ነው የሚሰራው፣ ሰሞኑን ሙሻ ደሴት ሄዶ ውሃ ውስጥ ያነሳትን ፎቶ ላከልኝና እኔ እዚህ ድሬ ባዮሎጂ ስለማስተምር ለተማሪዎቼ ላሳያቸው አሰብኩ፣ ግን ስሟን ሳላውቅ እንዴት ክፍል እገባለሁ። ትንሽዬ ነች፣ ጥቁር ቀይ፣ ከፊት እስከ ጅራቷ በቁመቷ ነጭ መስመር አላት፣ መቆንጠጫዎቿ ደሞ ከሰውነቷ ይረዝማሉ። የተቀመጠችው ላባ የሚመስል ተክል ላይ ነው። ወንድሜ የሎብስተር ልጅ ነች ይላል፣ እኔ ግን እግር ስቆጥር ከመቆንጠጫው ሌላ በየጎኑ 3 ብቻ ነው ያየሁት፣ ሎብስተር 4 አይደል ያለው? ተሰብሮባት ይሆን?

ጀጎል፦
አቦ አልተሰበረባትም መምህር! ስኳት ሎብስተር ነች። የመጨረሻው ጥንድ እግሯ በጣም ትንሽ ሆኖ ቅርፊቷ ስር ስለሚደበቅ ነው ያላየኸው፣ ስንጥቧን (ውሃ ውስጥ የምትተነፍስበትን) የምታጸዳው በሱ ነው። ስሟ ሎብስተር ይባል እንጂ የቅርብ ዘመዶቿ ኸርሚት ክራብና ፖርሴሊን ክራብ የሚባሉት ሸርጣን መሳዮች ናቸው። ጅራቷንም እየው፣ ሎብስተር ዘርግቶት ነው የሚሄደው እሷ ግን ሆዷ ስር አጥፋ ትይዘዋለች። ላባ ያልከው ደሞ ተክል ሳይሆን ፌዘር ስታር የሚባል እንስሳ ነው፣ የባህር ኮከብ ዘመድ፣ ለኔ ትልቁ ምልክት እሱ ነው፣ እዚያ ላይ የምትኖረው አሎጋላቲያ ኤሌጋንስ ነች፣ ከቀይ ባህር ጀምሮ እስከ ፓስፊክ ድረስ አለች፣ ብታድግ 2 ሳንቲሜትር ገደማ ነች፣ ቀለሟም ከተቀመጠችበት ጋር ስለሚመሳሰል ዓሳ ቶሎ አያያትም።

ሳቢያን፦
ጀጎል ልክ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ግን ስሙን ቦርድ ላይ ከመጻፍህ በፊት አንድ ነገር ልጨምር፣ በ2011 የወጣ ጥናት አንድ ዝርያ ሲባል የኖረውን ወደ 4 ከፍሎታል፣ ስለዚህ በቀለም ብቻ መቁረጥ ይከብዳል። ከዓይኖቿ መሃል የወጣውን ሹል ከላይ የሚያሳይ ፎቶ ካለ ለጥፈው። ለጊዜው ግን አራቱም የሚጋሩትን የመጀመሪያ ስም፣ አሎጋላቲያ፣ ማለት ይበቃል። ለተማሪዎችህ ኪዋ ሂርሱታንም አሳያቸው፣ እሷም የስኳት ሎብስተር ወገን ነች፣ በ2005 ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ካለችው ኢስተር ደሴት በስተደቡብ 2200 ሜትር ጥልቀት ላይ ፍል ውሃ የሚወጣበት ቦታ ነው የተገኘችው፣ ክንዷ በጸጉር ተሸፍኖ ጸጉሩ ባክቴሪያ ይዟል። ያንተዋ ፀሐይ የሚደርስበት ኮራል ላይ፣ ይቺ ደሞ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ!

የከዚራ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው የረዳችሁኝ። ወንድሜ ተመልሶ ሲሄድ ከላይ እንዲያነሳት እነግረዋለሁ።

ጀጎል፦
በእጁ እንዳይነካት ንገረው፣ ፌዘር ስታሩ ሲያዝ ክንዱን ቆርጦ ይጥላል።