ጥቆማ፦ ለስፓኒሽ ተናጋሪዎች ኮምፓራቲቭና ሱፐርላቲቭ (ሁለት ነገር ማወዳደሪያና «ከሁሉም የሚበልጥ» ማለቻ) በምን ላስጠና?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በበጎ ፈቃድ እንግሊዝኛ ለማስጠናቸው ስፓኒሽ ተናጋሪ አዋቂዎች ነው፤ ደረጃቸው ኤ2 (ከጀማሪ ትንሽ ከፍ ያለ)። «ሞር ቢግ» («ቢገር» ለማለት) እና «ዘ ሞር ቶል» («ዘ ቶለስት» ለማለት) አልለቅ ብሏቸዋል። የቋንቋ መተግበሪያው ዱዎሊንጎ፣ የብሪቲሽ ካውንስል ለርን ኢንግሊሽ ድረ ገጽ ወይስ የጥናት ካርድ መተግበሪያው አንኪ? ነፃ ቢሆን ደስ ይለኛል።

መልስ፦ መጀመሪያ ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ እይው፣ ምርጫህ ከዚያ ይቀላል። ስፓኒሽ ቅጽሉ አጠረም ረዘመም «ማስ» (ይበልጥ) ይበቃዋል። ሱፐርላቲቩም ያው «ማስ» ነው፣ ፊቱ «ኤል» ወይም «ላ» (የእንግሊዝኛው «ዘ») ይገባል። ስለዚህ «ኤል ማስ አልቶ» የለመደ ሰው «ዘ ሞር ቶል» ቢል አይገርምም። የስፓኒሹ «ኬ» ለ«ዛት»ም ለ«ዛን»ም ስለሚያገለግል «ቢገር ዛት ማይን» ይላሉ። «ኦፍ» ከሚሉበት «ዴ» ደግሞ «ዘ ቶለስት ኦፍ ዘ ክላስ» ይመጣል፤ እዚህ ላይ «ኢን» ነው የሚባለው።

ዱዎሊንጎ ለስፓኒሽ ተናጋሪ የተዘጋጀ ኮርስ አለው፣ ነፃው ከነማስታወቂያው ነው። ለዚህ ጉዳይ ግን ብቻውን አልመክረውም። ብዙ ጊዜ ቃላቱን ደርድሮ ያቀርባል፤ «ቢገር» ተጽፎ ከቀረበለት ተማሪው «ሞር ቢግ» የሚልበት ዕድል የለውም፣ ስህተቱም ተደብቆ ይቀራል። በኪቦርድ የመጻፍ አማራጭ ሲመጣ እሱን ይንኩ።

ለማብራሪያ ለርን ኢንግሊሽ ይሻላል። ነፃ ነው፤ የሰዋስው ገጾቹ አስቀድመው ይፈትኑና ካብራሩ በኋላ እንደገና ይፈትናሉ። ማብራሪያው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የመጀመሪያውን ገጽ አብረሃቸው አንብብ።

ሌላ መልስ፦ የእኔ ድምፅ ለአንኪ ነው። በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ነፃ፣ በአይፎን ግን ይከፈልበታል። ካርድ ስትሠራ መልሱን የሚያስጽፈውን ዓይነት ምረጥ። ፊት ለፊት «ሚ ካሳ ኤስ ማስ ግራንዴ ኬ ላ ቱያ» (ቤቴ ከቤትህ ይበልጣል) ጻፍና ከሥሩ የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር ባዶ ቦታ ትተህ አስቀምጥ። የሚጻፈው «ቢገር ዛን» ብቻ ይሁን፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ካስጻፍክ በነጥብና በትልቅ ፊደል ምክንያት ሁሉ ቀይ ያሳያል፣ ተማሪው ይሰለቻል። ከ«ቢገር» ሁለት «ጂ» አንዷን ከረሳ የጎደለችውን ፊደል ነጥሎ ያሳየዋል።

በቀን 5 አዲስ ካርድ በቂ ነው፤ አንኪ ራሱ 20 ላይ ተስተካክሎ ስለሚመጣ ቀንሰው። እንደ «ቶል» እና «ቺፕ» ባሉት ጀምር፤ ቀጥሎ ፊደል የሚደግሙት «ቢግ» እና «ሆት»፣ ከዚያ «ቢዚ»፣ ከዚያ «ኢክስፔንሲቭ»። «ሞር» የሚባለው በ«ኢክስፔንሲቭ» ጊዜ ብቻ ይግባ፤ ቀድሞ ከገባ ሁሉም ላይ ይለጥፉታል። «ጉድ» እና «ባድ» ብዙም አያስቸግሩም፣ ስፓኒሹም ለ«ቤተር» እና ለ«ወርስ» የራሱ «ሜሆር» እና «ፔዮር» አለው። የስፓኒሹ «ማዮር» (የሚበልጥ) ግን በዕድሜ ታላቅነትንም ስለሚገልጽ ለዕድሜ «ኦልደር» የሚል የራሱ ካርድ ይፈልጋል።

ሌላ መልስ፦ ነዋሪነታቸው ዲሲ ከሆነ ካርሎስ ሮሳሪዮ ትምህርት ቤትን ይጠይቁ፤ የአዋቂዎች ነው፣ ለከተማዋ ነዋሪ ነፃ ነው፣ ሐበሾችም ይማሩበታል። የትኛውም መተግበሪያ መናገርን አይተካም። የሁለት ሱፐርማርኬት የዋጋ ወረቀት ይዘህ ሂድና 5 ዕቃ እያወዳደሩ ይናገሩ። «ዛን» በንግግር ላልቶ «ዘን» ስለሚሆን አይሰሙትም፣ ስለማይሰሙትም ይዘሉታል። ዓረፍተ ነገሩን በተለመደው ፍጥነት እያነበብክ አስጽፋቸው፤ ማን እንደዘለለው ወረቀቱ ላይ ታየዋለህ።