አድለርና ሆርናይ ልክክ አሉብኝ፤ ድክመታቸው የቱ ጋ ነው?

የፔዳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ፣ ሳይኮሎጂ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ሰኞ ስለ ኒዮ ፍሮይዳውያን ፈተና አለብን፤ ከፍሮይድ ተነስተው የራሳቸውን መንገድ ስለያዙት እነ አድለር፣ ሆርናይና ኤሪክሰን ማለቴ ነው። ሃንድአውቱ «ጥንካሬ፦ ማኅበራዊ ሁኔታን ያያሉ፤ ድክመት፦ በሳይንስ ለመፈተን ያስቸግራሉ» ብሎ ያልፋል። ሸምድጄ መጻፍ አያቅተኝም፣ ግን አልገባኝም። አድለር የልደት ቅደም ተከተል ጠባይን ይቀርጻል የሚለውን ሳነብ የቤታችን ሰው ሁሉ ታየኝ። ታላቅ ወንድሜ ኃላፊነት የሚወድ፣ እኔ መሃለኛዋ ተፎካካሪ፣ ትንሹ ሞልቃቃ። ሆርናይ ላይ ደግሞ ራሴን አገኘሁ። ሰው እምቢ ማለት አልችልም። እንዲህ ልክክ ካለ ድክመቱ ምኑ ላይ ነው?

ባጃጁ፦
ልክክ ማለቱ ነዋ! ኮከብ ቆጣሪም እኮ ልክክ ነው የሚልልሽ።

የትምህርት ቤት አማካሪ፦
ባጃጁ ቀልዶም ቢሆን ነገሩን ነክቶታል። ፈላስፋው ካርል ፖፐር ወጣት ሳለ ቪየና ውስጥ አድለር ጋ ይሠራ ነበር። በ1919 እ.ኤ.አ. የአንድ ልጅ ጉዳይ ነገረው። አድለር ልጁን እንኳ ሳያየው በበታችነት ስሜት ተነተነለት። «እንዴት እርግጠኛ ሆንክ?» ቢለው፣ ከሺህ ጊዜ ልምዴ አለው። ፖፐርም አሁን ልምድህ ሺህ አንድ ሆነ ማለት ነው ብሎ መለሰለት። ልጁ ቢደፍር የበታችነት ስሜቱን ሊያካክስ ነው ይባላል፣ ቢፈራ የበታችነት ስሜቱ ነው ይባላል። ምንም ቢያደርግ ትንታኔው አይሸነፍም፤ በሳይንስ ለመፈተን ያስቸግራል የሚባለው ይኸው ነው።

የልደት ቅደም ተከተል ግን ይለካል፣ ተለክቷልም። በ2015 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ፣ ከእንግሊዝና ከጀርመን ከ20,000 በላይ ሰዎች የታዩበት ጥናት በጠባይ ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። የማሰብ ችሎታ ላይ ብቻ ለታላላቆች ትንሽ ያደላል።

ሆርናይ ላይ ግን አትቸኩዪ፣ እኔ እሷን እወዳታለሁ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ አለች (ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ)፣ ቤተሰቦቿ ዘጌ ናቸው። ደብተሯን ሁሉም ይወስዳል። በርበሬ ጠብ ብሎበት፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ ይመለሳል። «ኧረ ምንም አይደል» ትላለች። ክፍል ውስጥ ብቻ ያያት፣ ሌላው እንዳይቀየማት የምትሞት፣ የሆርናይ «ወደ ሰው ተጠጊ» ይላታል። ቅዳሜ ገበያ ላይ ብታያትስ? የእናቷን ቡና ይዛ ከነጋዴ ጋር ስትከራከር ጆሮ ታደነቁራለች። ነጋዴው ሲያኩርፍ ጣሳዋን ሰብስባ ሌላው ጋ ትሄዳለች።

ሆርናይ በ1945 እ.ኤ.አ. መጽሐፏ የምትለው ይህንኑ ነው። ጤነኛ ሰው መጠጋትን፣ መጋፈጥን፣ መራቅን እንደ ሁኔታው ይቀያይራል። ችግሩ አንዱ ላይ ተቸክሎ መቅረት ነው። የተለመደና ያልተለመደ የሚባለው በየባህሉ እንደሚለያይም ከዚያ በፊት፣ በ1937 ጽፋለች። ስለዚህ ይሉኝታሽን ብቻ አይተሽ ራስሽን በሽተኛ አታድርጊ። የሆርናይ ድክመት ማስረጃዋ በአብዛኛው ሊታከሙ ከመጡ የበርሊንና የአሜሪካ ሰዎች መምጣቱ ነው። ይሉኝታ ያለበት አገር ላይ መስመሩ የት እንደሚሰመር ከእሷ አታገኚም።

ተመራቂው፦
ጋሼ ያሉት እንዳለ ሆኖ፣ ሁሉንም በአንድ ቅርጫት አትክተቺያቸው። ኤሪክሰን ቢያንስ ክሊኒክ ውስጥ ብቻ አልተቀመጠም፤ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የሆኑት ላኮታና ዩሮክ ዘንድ ሄዷል። የማንነት ቀውስ (ወጣቱ «እኔ ማን ነኝ?» ብሎ የሚጨነቅበት) ሐሳቡንም ተመራማሪው ጄምስ ማርሺያ በ1966 እ.ኤ.አ. በቃለ መጠይቅ የሚለካ አድርጎታል። አድለርም ቢሆን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቪየና ውስጥ የልጆች ምክር መስጫዎችን አቋቁሟል። መምህራንና ወላጆች ፊት ለፊት ቁጭ ብለው ይማሩበት ነበር። ይሄ ጥንካሬ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

የፔዳዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ አንተም ወንድሜ። ግን ትንሹ ወንድሜ በእውነት ሞልቃቃ ነው እኮ! እሱን ምን ላድርገው?

የትምህርት ቤት አማካሪ፦
ምን ታደርጊዋለሽ፣ ሳህን አሳጥቢው! ወረቀቱ ላይ ግን የራስሽን ቤት እንደ ማስረጃ አትጻፊ፤ ሦስት ልጆች ናችሁ፣ የዚያ ጥናት ሰዎች ከሃያ ሺህ ይበልጣሉ። የፖፐርን ታሪክ ከጻፍሽ ፖፐር ራሱ እንደተረከው በይ፤ አድለር ለራሱ ጠበቃ አልቆመም። ኤሪክሰንን ተመራቂው እንዳለው ለብቻው አውጪው።

ባጃጁ፦
ሰኞ ጠዋት ፔዳ በር ድረስ በነፃ አደርስሻለሁ። እምቢ ማለት አትችዪም ብለሻል!

የፔዳዋ፦
እምቢ! በእግሬ ነው የምሄደው።