ያለ ፈቃድ የተሠራ ቤት፦ ካውንስል ያፍርሰው ወይስ ዕድል ይስጠው?

አወያይ፦ እንግሊዝ ውስጥ ያለ ፕላን ፈቃድ፣ ማለትም ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ለግንባታ ከሚሰጠው ፈቃድ ውጭ፣ የገነባ ሰው ሥራው ካለቀ በኋላም ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ተገቢ ነው ወይስ ሕግ አክባሪውን መጉዳት ነው?

ሥራ ተቋራጩ፦ ተገቢ ነው። ያለ ፈቃድ መሥራት በራሱ ወንጀል አይደለም፤ በቅርስነት የተመዘገበ ሕንፃ ካልተነካ በቀር። ብዙው ጥፋት የልኬት ነው። ከአጥሩ 2 ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ የሚቆም የጓሮ ክፍል ከፍታው ከ2.5 ሜትር አይበልጥም። ግንበኛው ግን ከመሬቱ ሳይሆን ካፈሰሰው ኮንክሪት ላይ ይለካል፣ ጣሪያው ላይ የሙቀት መከላከያ ይጨምራል፣ 2.7 ይሆናል። ለ20 ሳንቲ ሜትር ቤት ይፍረስ? ካውንስሉም ቢሆን ጉዳቱን መዝኖ ነው እንጂ ትእዛዝ የማውጣት ግዴታ የለበትም።

የቤቶች ጠበቃዋ፦ የልኬቱን ልተውልህ ወንድሜ። ያ ክፍል ሻወርና ምድጃ ገብቶለት ሲከራይስ? ራሱን የቻለ መኖሪያ ከሆነ ከፍታው ቢስተካከልም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ባለቤቱ ግን ያመለክታል፣ ሲከለከል ይግባኝ ይላል፣ ኢንፎርስመንት ኖቲስ (የካውንስሉ «አፍርስ ወይም አስተካክል» የሚል ትእዛዝ) ሲመጣበት እንደገና ይግባኝ። ይግባኙ እስኪወሰን ትእዛዙ ይታገዳል፤ ኪራዩ ግን አይታገድም።

የፕላን አማካሪው፦ ያ መንገድ ጠቧል። ከኤፕሪል 25 ቀን 2024 ወዲህ፣ ለዚያው ግንባታ አመልክቶ የነበረ ሰው ማመልከቻው እልባት ባገኘ በ2 ዓመት ውስጥ ትእዛዝ ከወጣበት፣ «ፈቃዱ ይገባኝ ነበር» ብሎ በይግባኝ መከራከር አይችልም። ያን ዕለት ካውንስሉ እርምጃ ሊወስድ የሚችልበት የ4 ዓመት ገደብም ወደ 10 ዓመት ከፍ ብሏል፤ ከዚያ በፊት የተጠናቀቀ ግንባታ ግን በ4ቱ ይቆያል። ሰው የሚወድቀው ቀን ላይ ነው። ትእዛዙ ከደረሰ በኋላ ሥራ ላይ እስኪውል ቢያንስ 28 ቀን አለ፤ ይግባኙ ከዚያ ቀን በፊት መድረስ አለበት። አንድ ቀን ካለፈ በሩ ተዘጋ። የማስተካከያው ጊዜ አልፎ ካልተፈጸመ ነው ወንጀል የሚሆነው፤ ቅጣቱ ጣሪያ የለውም፣ ፍርድ ቤት የተሰበሰበውን ኪራይም ሊወርስ ይችላል።

የቤቶች ጠበቃዋ፦ ጋሼ፣ ሕጉ ጥርስ እንዳለው አልጠፋኝም። የሚነክስበት ግን ጥቂት ነው። የለንደኑ የዌስትሚንስተር ካውንስል በ2015 ያለ ፈቃድ የፈረሰውን ካርልተን ታቨርን የተባለ መጠጥ ቤት እንደነበረው እንዲሠራ አዘዘ፤ በ2021 ተሠርቶ ተከፈተ። ሌሎቹ ካውንስሎች ለምን አይደፍሩም?

ሥራ ተቋራጩ፦ እህቴ፣ እዚያ ሕንፃው ከመፍረሱ በፊት ዝርዝር መረጃ ተይዞ ነበር። ጎረቤት «ሕገ ወጥ ነው» ብሎ ብቻ ሲጽፍ መርማሪው ምን ይይዛል?

የቤቶች ጠበቃዋ፦ እንግዲያው ጎረቤት ቀን ያለበት ፎቶ፣ የተለየ የበር ደወል፣ የተለየ የቆሻሻ ቢን፣ ሰው የገባበትን ወር አያይዞ ይላክ። ይህ ሁሉ ቀርቦለት ካውንስሉ ዝም ካለ ግን ጥፋቱ የማን ነው ትላለህ?