የቴሌቪዥን ዝግጅት በቤት ኮምፒውተር ስለ መቅዳት፦ አንድ ኬብል ብቻ ላለን ምን ይመክሩናል?

የሌሊት ተረኛ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ የሌሊት ተራ በመሆኑ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ወጥቼ የምመለሰው ንጋት ላይ ነው። አባቴ ጆሯቸው ከደከመ ወዲህ የምሽቱን 2 ሰዓት ዜና የሚያዩት አጠገባቸው ተቀምጦ ያመለጣቸውን ቃል የሚደግምላቸው ሰው ሲኖር ብቻ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ ዜናውንና በሳምንት አንድ ቀን የሚተላለፈውን ተከታታይ ድራማ ቀድቼ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አብረን ለማየት እፈልጋለሁ።

ቤት ያለው ኮምፒውተር አራተኛ ትውልድ ኮር አይ 5፣ 8 ጊጋባይት ሜሞሪና 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ያለው ዴስክቶፕ ነው። ጣሪያ ላይ ወደ ኢትዮሳት የዞረ አንድ ዲሽ አለን፤ ከእሱም አንድ ኬብል ወርዶ ሪሲቨሩ ውስጥ ይገባል።

እስካሁን ሁለት መንገድ ሞክሬአለሁ። መጀመሪያ ሪሲቨሩ ላይ ፍላሽ ሰክቼ ቀዳሁ። ሪሲቨሩ የቀዳውን ራሱ መልሶ ያሳያል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን ፋይሉ አልከፈት አለኝ፤ ረዘም ያለ ዝግጅት ሲሆን ደግሞ በየ4 ጊጋባይቱ ይቆራረጣል። ቀጥዬ ከሪሲቨሩ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ያለውን ገመድ ተቀብሎ በዩኤስቢ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ትንሽ መሣሪያ ገዛሁ። በእሱ የተቀዳው ምስል ደብዛዛ ሆነ፤ በስክሪኑ ግርጌ የሚያልፈው ጽሑፍ ጨርሶ አይነበብም፤ ኮምፒውተሩም ገና በሃያኛው ደቂቃ ማራገቢያው እየጮኸ ይግል ጀመር። አባቴ ግርጌ ላይ የሚያልፈውን ጽሑፍ ማንበብ ስለሚወዱ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ጥያቄዎቼ ምን ዓይነት መሣሪያ ልግዛ፣ አንዱን ኬብል ለሪሲቨሩም ለኮምፒውተሩም ማካፈል ይቻላል ወይ፣ እንዲሁም መብራት ሲጠፋ የተቀዳው ነገር ምን ይሆናል የሚሉ ናቸው። በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

ጀጎል (ሐረር)

የፍላሹን ነገር መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ፤ ሁለተኛው ሙከራዎ ያልሰመረበት ምክንያት ግልጽ ከሆነልዎ የሚገዙትን መሣሪያ ራስዎ መምረጥ ይችላሉ።

ከሳተላይቱ ወርዶ ዲሽዎ ላይ የሚያርፈው ሲግናል ጣቢያው አስቀድሞ ጨምቆና አዘጋጅቶ የላከው ዲጂታል መረጃ ነው። ሪሲቨሩ ይህን ይፈታና ምስልና ድምፅ ያደርገዋል፤ ባለ ሦስት ቀለሙ ገመድ ደግሞ የተፈታውን ምስል ወደ አናሎግ ዝቅ አድርጎ ያወጣዋል። የገዙት ትንሽ መሣሪያ ያንን የደከመ ምስል ተቀብሎ እንደገና ዲጂታል ሲያደርገው ኮምፒውተሩ በበኩሉ እንደገና ለመጨመቅ ይደክማል። ይህ የተጋገረን እንጀራ ፈርፍሮ መልሶ ሊጥ ለማድረግ እንደ መሞከር ነው። ጽሑፉ የጠፋውም ኮምፒውተሩ የጋለውም በዚህ የተነሳ ነው።

ስለዚህ መረጃውን ሪሲቨሩ ከመፍታቱ በፊት እንደ ወረደ ይውሰዱት። ለዚህ የሚያስፈልግዎ የሳተላይት ኬብል በቀጥታ የሚገባበት የዲቪቢ-ኤስ2 ካርድ ነው። ዴስክቶፕ ስላለዎት እናት ቦርዱ ላይ በፒሲአይ ኤክስፕረስ ማስገቢያ የሚሰካው ይሻልዎታል፤ በዩኤስቢ የሚሰራውም ይሆናል፤ የራሱ የኃይል ምንጭ ከሌለው ግን ኤልኤንቢውን (ዲሹ ፊት ላይ የተገጠመውን ሲግናል ተቀባይ) መመገብ ያቅተዋል። ሲገዙ ሁለት ነገር ያረጋግጡ። አንደኛ፣ ኤስ2 መሆኑን፤ ምክንያቱም ኤስ ብቻ የሚሉት የቀድሞ ካርዶች አዲሱን አላላክ አያነቡም። ሁለተኛ፣ እስከ 45000 የሚደርስ ሲምቦል ሬት (የመረጃው አላላክ ፍጥነት) የሚቀበል መሆኑን፤ ዲሽ የሚሠራ ሰው ኢትዮሳትን ሲያስገባ ይህን ቁጥር ሲነካካ አይተው ይሆናል። ከዚህ በታች የሚያቆም ካርድ ቢገዙ አንዳንዱን ቻናል አግኝቶ አንዳንዱን ያጣና ጥፋቱ የዲሹ ይመስልዎታል።

በዚህ መንገድ ሲሄዱ ኮምፒውተሩ ከካርዱ የሚመጣውን ተቀብሎ ዲስክ ላይ ከመጻፍ ያለፈ ሥራ የለውም። የእርስዎ ኮር አይ 5 ለዚህ ከበቂ በላይ ነው፤ እኔ ራሴ ከእሱ በጣም ያነሰ ማሽን ነው የምጠቀመው። አንድ ተጨማሪ ጥቅም ልጥቀስልዎ፦ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ብዙ ጣቢያዎች ተጭነው ስለሚመጡ ዜናውና ድራማው በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ካሉ አንዱ ካርድ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይቀዳል።

የኬብሉ ነገር ጠንቀቅ ይላል። ሪሲቨር ኤልኤንቢውን የሚያዘው በዚያው ኬብል በሚልከው ቮልት ነው፤ 13 ቮልት ሲልክ ቨርቲካል (ቁም) የሚባለው ሞገድ፣ 18 ቮልት ሲልክ ሆሪዞንታል (አግድም) የሚባለው ይከፈታል፤ ላይኛውን ባንድ (የፍሪኩዌንሲ ክልል) ለመክፈት ደግሞ የ22 ኪሎኸርዝ ምት ይጨምርበታል። ኬብሉን በርካሽ ማከፋፈያ ለሁለት ቢከፍሉት አንዱ 13 ሌላው 18 ሲጠይቅ ኤልኤንቢው መታዘዝ የሚችለው ለአንዱ ብቻ ነው። አባትዎ ቻናል ሲቀይሩ የእርስዎ ቅጂ መሐሉ ላይ ይቋረጣል ማለት ነው። ይህን ለማስቀረት ሁለት መውጫ ያለው ኤልኤንቢ ገዝተው ሁለተኛ ኬብል ያስወርዱ፤ ሁለቱ መውጫዎች አንዱ የሌላውን ትእዛዝ አይነኩም።

ቅጂውን ለሚያዙበት ሶፍትዌር፣ ኮምፒውተርዎ ላይ ያለው ዊንዶውስ ከሆነ ኔክስትፒቪአርን፣ ሊኑክስ ከሆነ ቲቪሄድኤንድን ይሞክሩ፤ ሁለቱም ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ቲቪሄድኤንድ ከስልክዎ ብራውዘር ሊታዘዝ ስለሚችል የሌሊት ተራ ለሚሠራ ሰው ይመቻል። በድሮ መመሪያዎች ላይ የሚጠቀሰውን ዊንዶውስ ሚዲያ ሴንተርን አይፈልጉ፤ ማይክሮሶፍት በ2015 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ዊንዶውስ 10ን ሲያወጣ አስቀርቶታል።

ስለ ቦታው አይጨነቁ። በሴኮንድ 3 ሜጋቢት የሚላክ ቻናል በሰዓት 1.35 ጊጋባይት፣ 6 ሜጋቢት የሆነው ደግሞ 2.7 ጊጋባይት ይይዛል። ዲስክዎ በከባዱ ስሌት እንኳ ከ150 ሰዓት በላይ ይችላል። ሪሲቨሩ በየ4 ጊጋባይቱ የሚቆርጠው ፍላሹ ፋት32 በሚባለው አሠራር ፎርማት ስለተደረገ ነው፤ ይህ አሠራር ከ4 ጊጋባይት የበለጠ አንድ ፋይል አይዝም። ፋይሉ ኮምፒውተሩ ላይ እምቢ ያለው ደግሞ አንዳንድ ሪሲቨሮች የቀዱትን በራሳቸው ቁልፍ ስለሚዘጉት ይሆናል።

ከዚራ (ድሬዳዋ)

ጀጎል የጻፉት ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ለካርድ የሚሆን ማስገቢያ ለሌለውና ሁለተኛ ኬብል ማውረድ ለማይችል ሰው፣ ለምሳሌ እንደ እኔ በጋራ ሕንፃ ተከራይቶ ለሚኖር ነው። በኤችዲኤምአይ የሚቀበል መቅጃ ከባለ ሦስት ቀለሙ እጅግ ይሻላል፤ የግርጌው ጽሑፍም ይነበባል። ነገር ግን ሪሲቨሩ በዚያ ሰዓት በርቶ፣ ትክክለኛው ቻናል ላይ ቆሞ መገኘት አለበት፤ አንድ ልጅ ሪሞት ከነካ የሚቀዳው ልጁ የመረጠው ነው። ጠያቂው ማታ ማታ ቤት ስለማይገኙ ለእርሳቸው አልመክረውም።

ሕጉንም ባነሳ ደስ ይለኛል፤ ሰው ሲፈራም ሲዳፈርም አያለሁና። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ግለሰብ የወጣን ሥራ ለራሱ የግል ጥቅም ብቻ በአንድ ቅጂ ማባዛቱን ባለመብቱ ሊከለክለው እንደማይችል ይደነግጋል። ከአባት ጋር ተቀምጦ ማየት ከዚህ የሚወጣ አይመስለኝም። የተቀዳውን ድራማ በፍላሽ እየገለበጡ መሸጥ ወይም በቴሌግራም መበተን ግን ለፍተው የሠሩትን ሰዎች እንጀራ መንካት ነው፤ በክፍያ የተቆለፉ ቻናሎችን ስለ መስበር የሚጠይቁኝንም አልመልስላቸውም።

ሸንኮር (ሐረር)

መሣሪያው ተነግሯል፤ እኔ ስለ ሰዓት እጽፋለሁ፤ የእኔን ቅጂ ያበላሸብኝ እሱ ነበርና።

ባለፈው ዓመት በፋሲካ ዋዜማ አክስቴ ከመዘምራን ጋር ሆና በአንድ ጣቢያ እንደምትታይ ነግራን ነበር። ኮምፒውተሬን በሀበሻ ሰዓት እንዲያሳይ ብዬ ሰዓቱን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ አስኪጄዋለሁ። ዝግጅቱን ከጣቢያው ዝርዝር ላይ መርጬ አዘዝኩ፤ ሶፍትዌሩም ተቀበለኝ። ጠዋት ስከፍተው የተቀዳው የሌሊት ድግግሞሽ ፊልም ነበር፤ የአክስቴ ዝግጅት ቅጂው ከመጀመሩ ስድስት ሰዓት ቀድሞ አልፏል። ከጣቢያው በሲግናል የሚላከው መርሐ ግብር በዓለም አቀፍ ሰዓት የተጻፈ ነው፤ ኮምፒውተሩ ወደ አገር ሰዓት የሚለውጠው በሰዓት ቀጠናው መሠረት ስለሆነ ሰዓቱን በእጅ ካንቀሳቀሱት ስሌቱ ሁሉ ይዛባል። አክስቴ ያንን ቀን እስከ ዛሬ አላየችውም።

ስለዚህ የኮምፒውተሩን የሰዓት ቀጠና በአዲስ አበባ፣ ማለትም በዓለም አቀፍ ሰዓት ሲደመር 3 ላይ ያድርጉት፤ በእጅ ሲያዙም የምሽቱን 2 ሰዓት 20:00 ብለው ይጻፉ። 2:00 ብለው ከጻፉ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይቀዳልዎታል። ዊንዶውስና ሊኑክስ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ከጫኑ ደግሞ የእናት ቦርዱን ሰዓት አንዱ የአገር ሰዓት፣ ሌላው ዓለም አቀፍ ሰዓት አድርጎ ስለሚያነበው ሲቀያይሩ የሦስት ሰዓት ልዩነት ይመጣል፤ ይህንንም ይጠብቁ። መርሐ ግብር በሲግናሉ የማይልኩ ጣቢያዎች ስላሉ ከፊት 5፣ ከኋላ 20 ደቂቃ ጨምረው ይዘዙ፤ ዜናው ሲረዝም ድራማው ይገፋልና።

የመብራቱ ጥያቄ መልስ የሚያስደስት ነው። ከካርዱ በቀጥታ የሚጻፈው ፋይል ቲኤስ የሚባለው ሲሆን 188 ባይት በሆኑ ትናንሽ ጥቅሎች የተደረደረ ነው፤ እያንዳንዱ ጥቅል ለብቻው ይነበባል። መብራት በ25ኛው ደቂቃ ቢጠፋ እስከዚያ የተጻፈው 25 ደቂቃ ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ይከፈታል። ኤምፒ4 ግን ብዙውን ጊዜ ማውጫውን የሚጽፈው መጨረሻ ላይ ስለሆነ መሐል ላይ ከተቋረጠ ጨርሶ አይከፈትም። በባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሚከፈተው የእናት ቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲነሣ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ እሱን ካበሩት ሶፍትዌሩ ተነሥቶ የቀረውን መቅዳት ይቀጥላል። ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ብታገኙ ደግሞ ለብልጭታው ይበቃል፤ ጣሪያ ላይ ያለው ኤልኤንቢ ኃይሉን ከካርዱ ስለሚያገኝ የተለየ መብራት አይፈልግም።

የሌሊት ተረኛ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ያደረግሁትን ልንገራችሁ።

ካርዱን ታይዋን ገበያ ሁለት ቀን ዞሬ አገኘሁት፤ የመጀመሪያው ሻጭ ያሳየኝ ኤስ ብቻ የሚለውን ስለነበር የጀጎል ምክር ከኪሳራ አዳነኝ። ሁለት መውጫ ያለው ኤልኤንቢ አስገጥሜ ሁለተኛ ኬብል አስወረድኩ። ሰዓቱንም አየሁት፤ እንደ ሸንኮር ሁሉ የእኔም ኮምፒውተር በሀበሻ ሰዓት ነበር የሚሄደው።

ማክሰኞ ማታ የመጀመሪያው ዜና ተቀዳ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አባቴ መነጽራቸውን አድርገው የግርጌውን ጽሑፍ ድምፅ አውጥተው አነበቡት፤ አንድ ቦታ ላይ እንዳቆም ጠየቁኝና አቆምኩላቸው፤ ቴሌቪዥን ቆሞ ሲጠብቃቸው ይህ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው። ሐሙስ መብራት ለዐሥር ደቂቃ ጠፍቶ ነበር፤ ሸንኮር እንዳሉት ሁለት ፋይል ሆኖ ጠበቀኝ፤ ሁለቱም ይከፈታሉ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። በየጊዜው ምስሉ ለአንድ ሴኮንድ በትናንሽ አራት ማዕዘን ይበታተናል፤ በሪሲቨሩ በኩል ግን አይታይም። የዲስኩ ሙቀትም 52 ዲግሪ ደርሷል።

ጀጎል (ሐረር)

እንኳን ደስ አለዎት፤ አባትዎንም ሰላም ይበሉልኝ። መበታተኑ ከኬብሉ ጫፍ ሳይሆን አይቀርም። የአዲሱን ኬብል ሁለቱንም ጫፍ ይፍቱና ከመሐለኛው የመዳብ ሽቦ ጋር የተነካካ የሽቦ ጉንጉን ክር እንዳለ ይመልከቱ፤ አንድ ቀጭን ክር ይበቃዋል። ይህ ካልሆነ ዲሹን የሠራው ሰው ኤልኤንቢውን በመያዣው ውስጥ በትንሹ እያዞረ፣ በሲግናል ጥንካሬ ሳይሆን በጥራቱ ቁጥር እየተመራ እንዲያስተካክለው ያድርጉ። ኢትዮሳት ያለበት 57 ዲግሪ ምሥራቅ በእኛ አካባቢ ከአድማስ ወደ 70 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስለሆነ የጎረቤት ግድግዳ የሚከልለው አይመስለኝም።

ስለ ሙቀቱ፣ ለአብዛኞቹ ሃርድ ዲስኮች የሚሰጠው የሥራ ጣሪያ 60 ዲግሪ ነው፤ በድሬ ሙቀት 52 ላይ መሆን ጠርዝ ላይ መቆም ነው። የኮምፒውተሩን የጎን ክዳን ከፍተው አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ያውጡና ከዲስኩ ፊት ለፊት አንድ ማራገቢያ ይጨምሩ። ዴስክቶፑንም ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ያርቁት።